የኪሩቤል ይርጋ ቅጠል

ጳጉሜ አንድ ቀን ጠዋት በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ ሃያ ሦስት ሰዎች ነበርን። ከሃያ ሦስቱ አሥራ አንዱ ዘመዶቼ ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ጠይቄ አይደለም፤ አውቶቡሱ በሩ ላይ ቆጥሮ ነግሮኝ ነው።

እያንዳንዱ ወንበር ራስጌ ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች። አጠገብህ ሰው በተቀመጠ ቁጥር መታወቂያው ላይ ያለውን ቅጠል ታነብና «ከጎንዎ የተቀመጡት የአምስተኛ ቤት ዘመድዎ ናቸው» ትላለች። እኔ ልጃገረድ ሳለሁ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጥ፣ ይተቃቀፍ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ይባባል ነበር። ዛሬ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ድምፁን መቀነስ ይፈቀዳል፤ ማጥፋት አይፈቀድም። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ይባላል፤ አህያዋ ግን ወደ አመዱ የምትሄደው ወዳ እንጂ ተገዳ አይመስለኝም።

ከእናቴና ከእኔ ፊት አንዲት ወጣት ተቀምጣ አንድ ወጣት አጠገቧ ቆሞ ከሆጤ ፌርማታ ጀምሮ ሲሳሳቁ መጡ። ከጎኗ ያለው ወንበር ሲለቀቅ ተቀመጠ። ድምፅ ማጉያዋ «አራተኛ ቤት» አለች። ልጁ ተነሥቶ ኋላ ሄዶ ቆመ። ልጅቷም ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች። ሕጉ ሰባት ቤት ነው የሚለው፣ አራት ደግሞ ለክርክርም አይመች።

እናቴ ረድኤት ይርጋ ሰማንያ አምስት ዓመቷ ነው፤ አውቶቡሱን እስከ ዛሬ አልለመደችውም። እኔ አጠገቧ በተቀመጥሁ ቁጥር «ከጎንዎ የተቀመጡት ልጅዎ ናቸው» ትላታለች ድምፅ ማጉያዋ። እናቴም በተነገራት ቁጥር «ማን ጠየቀሽ» ብላ ትመልስላታለች።

የምንሄደው የሰው ሁሉ ዘር ወደሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሐረግ ቤት ነበር። ሁሉም ሰው እዚያ ቅጠል አለው። የሚኖር ሰው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ የሞተ ቡናማ፣ የጠፋ ቢጫ። በእኛ ቅርንጫፍ ላይ ያለው ቢጫ አንድ ነው፦ ኪሩቤል ይርጋ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። በ2037 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወደ ቆላው ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። እኔ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። የማስታውሰው በእጁ ቆሞ ግቢውን ሲዞር፣ እኔም እግሩን ይዤ ስነዳው ነው። ሌላው ነገር ሁሉ እናቴ የነገረችኝ ነው። የሄደ ዕለት ዝናብ ነበር። እናቴ ጃንጥላዋን ልትሰጠው ወደ አውቶቡሱ ሮጠች፤ እሱ በመስኮቱ መልሶ ሰጣት። ያንን ጃንጥላ ዛሬም ትይዘዋለች። ሽቦውን ሦስት ጊዜ፣ ጨርቁን አምስት ጊዜ ቀይሬላታለሁ። በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ።

ሃምሳ ዓመት ሙሉ እርም አላወጣችም። ጎረቤቶቿ «ድንጋይም ቢሆን ቅበሪና ይውጣልሽ» ይሏት ነበር። «ያላየሁትን አልቀብርም» ትላለች። የመከሩዋት ሰዎች አሁን ሁሉም ቡናማ ናቸው።

ሐረግ ቤት ደም መቀበል ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሆነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጳጉሜው ክንዷን ትዘረጋለች፣ የጠፋ ዘመድ ቅጽ እንሞላለን፣ «አልተጣጣመም» የሚል ወረቀት ይዘን እንመለሳለን። በዚህ ዓመት ግን አዲስ መመሪያ ወጣ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ቢጫ ቅጠል መስከረም አንድ ቀን ይረግፋል። የረገፈ ሰው የሞተ አይባልም፣ የጠፋም አይባልም። ከመዝገቡ ይወጣል፣ ቦታውም ይዘጋል። በግምጃ ቤቱ ያለ ባለቤት የቀሩት አጥንቶች ደግሞ ጦሳ ተራራ ሥር በተቆፈረ አንድ ጉድጓድ በአንድነት ይገባሉ። ለዚህ ነው ጳጉሜ አንድ ቀን ከማንም ቀድመን የተሰለፍነው።

በመስኮት ሦስት የምትቀመጠው ኤልዳና የምትባል ሴት ናት። ለጡረታ ትንሽ የቀራት፣ ድምፅዋ የሻከረ፣ ዘጠኝ ዓመት በየጳጉሜው የምናያት። ቅጹን ተቀበለችን። ስክሪኑን አየች። ከወትሮው ዘገየች።

«አልተጣጣመም» አለች። ቀጥላም «ዘንድሮ ግን የምነግራችሁ አለ። ቅጠሉ ለሚረግፍ ሰው የተገኘ የአጥንት ሣጥን ካለ ለቤተሰብ ይገለጽ ይላል መመሪያው። ሣጥን አለ። አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ስምንት።»

መደገፊያውን ያዝሁ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም።

«የእሱ ነው?» አልሁ።

«ከእማማ ረድኤት ደም ጋር ይገናኛል። ከቅጹ ጋር አይገናኝም። ቅጹ ካልተስተካከለ አይወጣም።»

«የቱ ላይ ነው የተሳሳትነው?»

«እሱን መናገር አልችልም፣ እትዬ ሶልያና። ቤተሰብ ያልተናገረውን ጽሕፈት ቤቱ አይናገርም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይናገር ነበር፤ ስንት ቤት ፈረሰ። አስተካክላችሁ ኑ።»

«መቼ ተገኘ ሣጥኑ?»

ኤልዳና ስክሪኑን እንጂ እኔን አላየችም። «ከእኔ በፊት ነው» አለች።

በመመለሻችን አውቶቡሱ ስለ ዘመድ ያወራ ነበር፤ የቱን እንዳወራ አላስታውስም።

ጳጉሜ ሁለት ቀን የአባት ስም ነው ብዬ ተነሣሁ። በእኛ አገር አያቱ ያሳደገው ልጅ በአያቱ ስም ይጠራል፤ ቅድመ አያቴም ከአያቶቼ ጋር ኖረው ነበር፤ ምናልባት ይርጋ የሚለው ስም አንድ ትውልድ ዘሎ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። አስተካከልሁት። አልተጣጣመም። ጳጉሜ ሦስት የልደት ዓመቱን ቀየርሁ፤ ለውትድርና ሲል ዕድሜ የጨመረ ልጅ ብዙ ነው። አልተጣጣመም። ጳጉሜ አራት ከኩታበር ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስሙን አስፈልጌ ጻፍሁ፤ ወልደ ጊዮርጊስ። አልተጣጣመም። በየቀኑ ጠዋት አሥራ አንድ ዘመድ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ዘመድ፣ በመካከሉ መስኮት ሦስት።

ማታ ማታ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀቱን ዘርግቼ እናቴን አፋጥጣት ነበር። ማን አዋለደው? የት ተወለደ? ማን ክርስትና አነሣው? አጭር አጭር መልስ ትሰጠኛለች። አንዴ ትዕግሥቴ አለቀና ስለ ቅጽ አሞላል ላስተምራት ተነሣሁ፤ እያንዳንዱ ነገር እንደ ሆነው መጻፍ አለበት፣ አንድ ነገር ብትደብቂ ሁሉም ይበላሻል አልኋት።

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተናደድሁ። እሷ ስትቀልድ እኔ ነኝ የምሯሯጠው ብዬ ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ሠላሳ ጳጉሜ አንድ ላይ ተደራርቦ ትከሻዬ ላይ የወጣ ያህል ነበር የደከመኝ።

ጳጉሜ አምስት ቀን የራሴን ደም ሰጠሁ። እናቴ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጃንጥላዋን በጉልበቷ መካከል ይዛ ተቀምጣለች። ኤልዳና ወረቀቱ እስኪወጣ ጠበቀች።

«የእርስዎ ከቅጹ ጋር ይስማማል» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«የእርስዎ ይስማማል። እምቢ ያለው የእማማ ነው።»

«እንዴት ሆኖ? የእኔ አጎት ከሆነ የእሷ ወንድም ነዋ።»

ኤልዳና ዙሪያዋን ተመለከተች። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። መስመሩ «ዝምድና» ይላል። ፊት ለፊቱ፣ በእናቴ የእጅ ጽሕፈት፣ «ወንድም» የሚል አለ።

ጣቷን አላነሣችም። ዞሬ እናቴን አየኋት። እናቴ መሬቱን እያየች ነበር። ሁሉንም ነገር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቤት ደረስን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሻይ አፍልቼ አስቀመጥሁላት፤ አልነካችውም።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?» አልኋት።

«አሥራ ስድስት» አለች። «ለትምህርት ተብዬ ወልድያ አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። ስመለስ እናቴ ታቅፋው መጣች። እሷ የወለደችው ተባለ። አባቴ ስሙን ሰጠው።»

«ማን ያውቃል?»

«አባቴ፣ እናቴ፣ አክስቴ። ሁሉም ሄደዋል። አባቴ በወንጌል አስምሎኛል። ከአፍሽ እንዳይወጣ አለኝ። ከአፌ አልወጣም።»

«ታዲያ ደሙን ለምን ሰጠሽ?»

«ደም አፍ አይደለማ» አለች። ከዚያ የገረመኝን ነገር ነገረችኝ። ሐረግ ቤት ሲከፈት መጀመሪያ ከተሰለፉት አንዷ እሷ ነበረች። ክንዷን ስትዘረጋ፣ ማሽኑ ያውቃል፣ አውቆም ይናገራል፣ እነሱ ሲናገሩ እኔ መሐላዬን አላፈረስሁም ብላ አስባ ነበር። «በየዓመቱ ዛሬ ይነግሩሻል እያልሁ እመጣለሁ። ዛሬ ይነግሩሻል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እወጣለሁ፣ ልጄንም ይሰጡኛል። አልተጣጣመም ይሉኛል። እንዳላወቁት ቆጠርሁት። ደሜ አርጅቶ ይሆናል አልሁ።»

የእኔ ደም ከቅጹ ጋር የተስማማው አጎትና የእናት ልጅ ወንድም በደም እኩል ስለሚቀርቡ ነው። እናቴ ማሽኑ እስኪናገር ትጠብቃለች፣ ማሽኑ ደግሞ እናቴ እስክትናገር ይጠብቃል። ሁለቱም ቃላቸውን የሚያከብሩ ጨዋዎች ናቸው። በዚህ ጨዋነት መካከል ኪሩቤል ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከቤታችን በእግር አርባ ደቂቃ በሆነ ቦታ። አያቴን መርገም ፈለግሁ፤ ቡናማ ነው፣ አይሰማም። እናቴን መቆጣት ፈለግሁ። እጇን አየሁትና ተውሁት።

«እሱ ያውቅ ነበር?» አልኋት።

«እትዬ እንዳለኝ ነው የሄደው» አለች። «በመስኮቱ ጃንጥላውን ሲመልስልኝ፣ እትዬ፣ አንቺ ያዢው፣ እኔ ልብሴ ወፍራም ነው አለኝ። አውቶቡሱ ቆሞ ነበር። ልነግረው እችል ነበር። አሥር ደቂቃ ቆሟል።»

እዚህ ላይ አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ። ሃምሳ ዓመት ወንድሟ እንደ ጠፋባት ሴት ነበር ስታለቅስ የኖረችው፤ በልክ። እህት የምታለቅሰውን ያህል እንጂ ከዚያ የበለጠ እንዳይሆን ትጠነቀቅ ነበር። ሰው ያያላ።

«ነገ የመጨረሻው ቀን ነው» አልኋት።

«ጳጉሜ አምስት አይደል ዛሬ?»

«ዘንድሮ ስድስት ነው። የሉቃስ ዓመት ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። እናገራለሁም አላለች፣ አልናገርምም አላለች። እኔም ከዚያ በላይ አልገፋሁም፤ አፏን የምትከፍተው እሷ ናት፣ መሐላውም የእሷ ነው። ግን ተኝቼ አላደርሁም።

ጳጉሜ ስድስት ቀን ከእኔ ቀድማ ለብሳ ጠበቀችኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ድምፅ ማጉያዋ «ልጅዎ ናቸው» ስትላት ማን ጠየቀሽ አላለችም። ይህ አስፈራኝ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የሚረግፍ ቅጠል ያለው ሁሉ የመጨረሻውን ቀን ጠብቆ መጥቷል፤ የእኛ ሰው ነገር። ሰባ ሰው ይሆናል፣ በሩ ላይ እንደ ተነገረኝ ከዚያ ውስጥ አርባው ከሰባት ቤት የማይርቅ ዘመዳችን ነው። ኩታበር፣ ሐይቅ፣ ደሴ፤ አያቴ ይህ ነገር ከጆሯቸው እንዳይደርስ የፈራቸው ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። እናቴም አየቻቸው።

ቁጥራችን ተጠራ። ኤልዳና እናቴን ስታይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«ዝምድና የሚለውን መስመር ለመቀየር በጽሑፍ አይበቃም፣ እማማ» አለች። «ባለቤቱ በድምፁ ማስመዝገብ አለበት። እዚህ ላይ ይናገራሉ። ቀስ ብለው ቢናገሩም ይሰማል።»

እናቴ ጃንጥላዋን ሰጠችኝ። ሁለት እጇን መደገፊያው ላይ አደረገች። ትንፋሽ ወሰደች፣ መልሳ ዋጠችው። ላትናገር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«አባቴ ይፍታኝ» አለች በመጀመሪያ። ከዚያ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብላ፣ ጆሮው እንደ ደከመ ሰው፣ «ኪሩቤል ይርጋ ልጄ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የወለድሁት። ረድኤት ነኝ። ልጄን ስጡኝ።»

አዳራሹ ዞረ። ሰባው ሰው አየን። አንዲት ሴት ትንሽ ራሷን ጎንበስ አደረገች፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አነሣ። ከዚያ ሁሉም ወደ ቁጥር ሰሌዳው ተመለሰ። ያ ነበር። ስልሳ ዘጠኝ ዓመት የፈራችው ነገር ያ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹ የራሳቸው ሣጥን ነበራቸው፣ ደክሟቸዋልም።

ኤልዳና ስክሪኑን አዞረችልን። ቢጫው ቅጠል ከእናቴ ጎን ተነሥቶ ወደ ታች ወረደና ከእኔ አጠገብ ተቀመጠ። ቡናማ ሆነ። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ወንድም ያገኘሁትም ያጣሁትም በዚያች ደቂቃ ነው።

«ታውቂ ነበር» አልኋት ኤልዳናን።

«ዘጠኝ ዓመት» አለች። «በየዓመቱ እማማ ሲመጡ ዘንድሮ ይናገሩ ይሆናል እላለሁ።» ከዚያ ተነሥታ ቆመች። መርዶ ተቀምጦ አይነገርም፤ ደንቡ ግን ቆመሽ ተናገሪ አይላትም፤ በራሷ ነው የቆመችው። «ልጅዎ ኪሩቤል ዐርፏል፣ እማማ ረድኤት። እግዜር ያጽናዎት።»

ሣጥኑ ከጓዳ መጣ። ከስፌት መኪናዬ ሣጥን አይበልጥም። ኤልዳና ክዳኑ ላይ ቡናማውን ቅጠል ለጠፈችበት። እናቴ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልደቃችም። ሣጥኑን በመዳፏ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ሶሊ፣ ሆዴን እሰሪልኝ» አለችኝ።

ይህን ልጇ የሞተባት እናት ናት የምትለው። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርጄ አራት አጠፍሁት፣ ወገቧን ዞርሁና ሆዷ ላይ ጠበቅ አድርጌ አሰርሁት። «ጨምሪ» አለች። ጨመርሁ። በሕይወቴ ለብዙ ሰው ለክቼ ሰፍቻለሁ፤ ያን ያህል የቀጠነ ወገብ ነክቼ አላውቅም። ከኋላችን ቁጥር ሠላሳ ሁለት ተጠራ። መንገድ ለቀቅን።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰባት ቁጥር ባዶውን መጣ። እናቴ ሣጥኑን ራሴ ካልያዝሁ ብላ አቅፋው ገባች፤ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ጃንጥላውን ይዤ ከጎኗ ተቀመጥሁ። ወንበሩ ራስጌ ያለችው ድምፅ ማጉያ ጥቂት ዝም አለች፣ እያነበበች ይመስለኛል።

«ከጎንዎ ያሉት ሁለቱ ልጆችዎ ናቸው» አለች።

«አውቃለሁ» አለቻት እናቴ።